ከመቃብር በላይ የማን ስም ይውላል?

የዛሬው ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ የቸኮላችሁ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ (አሁንማ ልጅ አይባልም፣ የሁለት ልጆች አባት ነው) አሜሪካ የጭነት መኪና ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ሳውዝ ካሮላይና ጭነት አራግፎ ትርፍ ሰዓት ሲያገኝ፣ ኖርዝ ቻርለስተን ያለ አንድ የቅርስ ጥገና ማዕከል ገባና ፎቶ ላከልኝ። ገንዳ ውስጥ የተኛች ረጅም የብረት ቀፎ ነች። ከሥሩ የጻፈልኝን ፈቅዶልኝ እዚህ አስፍሬዋለሁ፦

«ቲቸር፣ ይቺ በዓለም መጀመሪያ የጠላት ጦር መርከብ ያሰጠመች ሰርጓጅ ናት አሉን። ውስጧ የሞቱትን ሰዎች ፊት ከራስ ቅላቸው ተነስተው ሠርተው አስቀምጠዋል። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ ግን ግራ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች እኮ ጥቁርን በባርነት ለመያዝ ከሚዋጋው ወገን ናቸው። ላዝንላቸው ይገባል እንዴ?»

እኔ ክፍል ውስጥ የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት ያስተማርኳችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰሜንና ደቡብ ተዋጉ፣ ሊንከን አሸነፈ፣ ባርነት ቀረ። ደወል ተደወለ፣ ወጣን። የባሕሩን ጦርነትማ አንስቼላችሁም አላውቅ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእሱ መልስ፣ ለእናንተ ደግሞ የዘገየ ክፍለ ጊዜ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ታሪኩን።

በ1861 የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ፣ ሊንከን ከወሰዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ የደቡብን ወደቦች በጦር መርከብ ማገድ ነበር። ደቡብ የሚኖረው ጥጥ ሸጦ ነው። ጥጡን የሚያመርተው በባርነት የተያዘ ሰው ነው። ጥጡ ካልወጣ ደግሞ መድፍና ባሩድ አይገባም። እገዳውን ለመስበር ደቡቦች ያልሞከሩት ነገር የለም። ከሙከራዎቹ አንዷ ልጃችን ያያት ሰርጓጅ፣ ሀንሊ ነች።

ሀንሊ ርዝመቷ 12 ሜትር ገደማ ነው። ሞተር የላትም። ሰባት ሰዎች በጠባቡ ቀፎ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ረጅም የብረት እጀታ በእጃቸው ያዞራሉ፣ ስምንተኛው ፊት ሆኖ ይመራል። ብርሃናቸው ሻማ ነው። በ1863 ነሐሴ ላይ ስትሞከር ሰጥማ አምስት ሰው ሞተ። አወጧት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እንደገና ሰጥማ ስምንት ሰው ገደለች፤ ከሟቾቹ አንዱ ስሙ የወጣላት ሆራስ ሀንሊ ራሱ ነበር። አሁንም አወጧት። አስከሬኖቹ ወጡ፣ ተጠረገች፣ ሌሎች ስምንት ሰዎች ገቡባት። አስቡት! ሁለት ጊዜ መቃብር የሆነች ቀፎ ውስጥ አውቀው ገቡ።

የካቲት 17 ቀን 1864፣ ከምሽቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ ከቻርለስተን ወደብ ወጣ ብላ እገዳውን ትጠብቅ የነበረችውን የሰሜኖቹን መርከብ ሁሳቶኒክን ተጠጋች። ከፊቷ ባለ ረጅም ብረት ጫፍ ላይ የታሰረውን ፈንጂ አፈነዳችው። ሁሳቶኒክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ሀንሊም ከዚያች ሌሊት በኋላ አልተመለሰችም። ፈልገው ያገኟት በ1995 ነው፣ ከባሕር የወጣችው ነሐሴ 8 ቀን 2000። ስትከፈት ስምንቱም አጽሞች በየሥራ ቦታቸው ነበሩ። ለመውጣት የተሻሙበት ምልክት የለም። ለምን እንደሰጠመች ሊቃውንቱ እስከዛሬ ይከራከራሉ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ላዝን ይገባል?

የኔ መልስ፦ አዎ፣ እዘን።

እኛ አገር የሞተ ሰው ክፉ ሥራ ሲነሳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። አባቶች ይህን ያሉት ሟች ሁሉ ጻድቅ ነው ለማለት አይደለም። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ስትናገር አንደበትህን ቆጠብ አድርግ ለማለት ነው። እነዚያ ስምንት ሰዎች እነማን ነበሩ? የአጽም ምርመራው እንዳሳየው ከስምንቱ አራቱ አውሮፓ የተወለዱ ናቸው። እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ስደተኞች። ጄምስ ዊክስ የሚባለው ቀድሞ የሰሜኖቹ መርከበኛ ነበር። ኮንግረስ የምትባል መርከቡ በ1862 ተመትታ ስትቃጠል ተርፎ፣ ወደ ደቡብ ዞረ። ሚስትና ሴቶች ልጆች ነበሩት። አዛዡ ጆርጅ ዲክሰን ኪሱ ውስጥ የተጣመመ የ20 ዶላር ወርቅ ተገኝቶበታል። በ1862 ሻይሎ ላይ ጥይት መትቶት ሳንቲሟ አድናዋለች፤ ይህንኑ አስቀርጾባት ይዟት ይዞር ነበር። አንዴ ሞትን አታላችሁ ካመለጣችሁ በኋላ ይህችን ሳንቲም ትጥሏታላችሁ? እኔም አልጥላትም።

ስለዚህ ሰው ናቸው። ለሰው ይታዘናል። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ክርክሬ ከዚህ በኋላ ያለው ላይ ነው።

የመጨረሻዎቹ ስምንት ሰዎች ቀብር የተፈጸመው ሚያዝያ 17 ቀን 2004፣ ቻርለስተን በሚገኘው ማግኖሊያ መቃብር ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው የዘመኑን የወታደር ልብስ ለብሶ፣ የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ ይዞ ተሰለፈ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ለቅሶ የሄደ ሰው ሬሳውን ይሸኛል። ያ ሁሉ ባንዲራ ግን ሬሳ መሸኛ አይደለም፤ ዓላማ መቀስቀሻ ነው። ሟችን ማክበር ሌላ፣ የሞተበትን ዓላማ ማክበር ሌላ። ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ከተህ ስትቀብር፣ አጎንብሶ አፈር የሚያለብሰው ሰው ሳያውቀው ለዓላማውም ይሰግዳል።

«ጦርነቱ እኮ ስለ ባርነት አልነበረም፣ ስለ ግዛቶች መብት ነው» የሚሉ አሉ። እዚያ አገር የምትኖሩ ሳትሰሙት አትቀሩም። መብት ለምን? የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በ1861 መጋቢት ሳቫና ላይ ቆሞ ምንም ሳይደብቅ ተናግሮታል፤ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እምነት፣ ባርነትም የጥቁር ተፈጥሯዊ ቦታው ነው የሚለው ነው። ባለቤቱ የተናገረውን እኛ ምን ቤት ነን የምናስተባብልለት?

ታዲያ ሐዘንን ከሰልፍ በምን እንለየዋለን? እኔ ሁለት መፈተኛ አለኝ።

የመጀመሪያው ይህ ነው፦ ከማዶ የሞተውንስ ትቆጥረዋለህ?

ልጃችን ስለ ስምንቱ ጻፈልኝ። ሁሳቶኒክ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ግን አልጻፈልኝም። አልፈርድበትም፣ ሰውም ሁሉ የሚያወራው ስለ ሀንሊ ነው። አምስት ናቸው። ኤድዋርድ ሄዝልታይን፣ ቻርልስ መዚ፣ ጆን ዊሊያምስ፣ ቴዎዶር ፓርከር፣ ጆን ዎልሽ። አንዱ ወጣት መኮንን፣ አንዱ የካፒቴኑ ጸሐፊ፣ አንዱ ማሞቂያው ሥር ከሰል የሚማግድ። የቀሩት የመርከቧ ሰዎች የዳኑት ባሕሩ እዚያ ጋ ጥልቅ ስላልነበረ ነው። መርከቧ አሸዋው ላይ ስትቀመጥ የሸራ ምሰሶዎቿ ከውሃ በላይ ቀሩ፣ ሰዎቹ ገመዱን ይዘው ወጥተው ተንጠልጥለው እርዳታ ጠበቁ። የሀንሊን ሰዎች ጀግንነት የሚተርክ ሰው የእነዚህን አምስት ሰዎች ስም ሳይጠራ ከጨረሰ፣ ያ ሰው ለሟች እያዘነ ሳይሆን ለወገኑ እያጨበጨበ ነው። ይህ ለሰሜን ወገኖችም ይሠራል። ለሁሉም።

ሁለተኛው መፈተኛ ከበድ ይላል፦ ከታችኛው ወለል ያለውን ሰው ትቆጥረዋለህ?

የሞኒተርን ታሪክ ልንገራችሁ። ሞኒተር ስዊድን የተወለደው ጆን ኤሪክሰን ለሰሜኖች የነደፋት ብረት ለበስ መርከብ ነች። መድፎቿ የሚዞር ክብ የብረት ማማ ውስጥ ናቸው። መጋቢት 9 ቀን 1862 ከደቡቦቹ ብረት ለበስ ከቨርጂኒያ ጋር ለሰዓታት ተታኮሰች፤ ማንም ማንንም አላሰጠመም፣ የእንጨት ጦር መርከብ ዘመን ግን በዚያ ቀን አበቃ። ጥይት ያልበሳትን መርከብ ማዕበል ጣላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሮድ አይላንድ በምትባል መርከብ እየተጎተተች ወደ ደቡብ ስትሄድ፣ ኬፕ ሃተራስ አጠገብ ወጀብ መታት። ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሲነጋ 16 ሰው ይዛ ሰጥማ ነበር።

ፍርስራሿ በ1973 ተገኘ። የመድፍ ማማው በ2002 ሲወጣ ውስጡ የሁለት ሰዎች አጽም ነበር። ፊታቸውን በጥበብ ሠሩ፣ የዘር ምርመራ አደረጉ፣ ዘመድ ፈለጉ። ማንነታቸው በእርግጠኝነት አልታወቀም። መጋቢት 8 ቀን 2013 አርሊንግተን በክብር ተቀበሩ፣ ለ16ቱም እዚያው መታሰቢያ ቆመላቸው። ከ150 ዓመት በኋላ! ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ የአገሬ ልጆች ይህ መቃብር ደጃችሁ ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎራ በሉ።

ከ16ቱ መካከል ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ሮበርት ሃዋርድ የመኮንኖች ወጥ ቤት፣ ዳንኤል ሙር የመኮንኖች አስተናጋጅ፣ ሮበርት ኩክ ደግሞ ማዕረጉ «አንደኛ ደረጃ ልጅ»። አዎ፣ «ልጅ» ማዕረግ ነበር። የሰሜኑ ባሕር ኃይል ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን በ1861 መስከረም ላይ መቅጠር ሲፈቅድ ከ«ልጅ» በላይ ማዕረግ እንዳይሰጣቸው አዞ ነበር። የ40 ዓመት ሰው ይሁን የ50፣ «ልጅ» ነው። ባርነትን ለማጥፋት የሚዋጋው ወገን እንኳ መርከቡ ላይ ይህን ይሠራ ነበር። እንዲህም ሆኖ በጦርነቱ ዘመን ወደ 18,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በዚያ ባሕር ኃይል አገልግለዋል። ሳያ ካርተር የሚባለው ከቨርጂኒያ እርሻ አምልጦ በጀልባ ቀዝፎ ሞኒተር ድረስ የመጣ ነው። ተቀበሉት፣ «ልጅ» ብለው መዘገቡት። ሞኒተር ስትሰጥም እሱ ከተረፉት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ባሕር ውሰዱኝ፤ ፈረንሳይ፣ ከሼርቡር ወደብ ፊት ለፊት። ሰኔ 19 ቀን 1864 የደቡቦቹ አላባማ በሰሜኖቹ ኪርሳርጅ ተመትታ የሰጠመችው እዚያ ነው። አላባማ እንግሊዝ አገር የተሠራች ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ውቅያኖስ ለውቅያኖስ እየዞረች ከ60 በላይ መርከቦች ማርካለች፣ ብዙዎቹን አቃጥላለች። አዛዥዋ ራፋኤል ሴምስ ይባላል። መርከቡ ስትሰጥም ባሕር ላይ ዘለለ፣ በአጋጣሚ ውጊያውን ልታይ የመጣች የአንድ እንግሊዛዊ ሀብታም ጀልባ አነሳችው፣ እንግሊዝ ገባ። ሞቢል ከተማ ላይ በ1900 ሐውልት ተሠራለት። ሐውልቱ እስከ 2020 ቆሞ ነበር።

ከአላባማ ጋር ከሰጠሙት አንዱ ዳዊት ነው። ዴቪድ ሄንሪ ኋይት፣ ከዴላዌር የመጣ ጥቁር ልጅ። በ1862 ጥቅምት ሴምስ አንዲት የንግድ መርከብ ሲማርክ ይህን የ17 ዓመት ልጅ «የጠላት ንብረት፣ ባሪያ ነው» ብሎ ወሰደውና መኮንኖችን እንዲያገለግል አደረገው። በቅርብ የወጣ ጥናት ግን ልጁ ባሪያ እንዳልነበረ፣ ነፃ ሆኖ ተወልዶ ለሥራ የተሳፈረ መሆኑን አሳይቷል። ሴምስ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ልጁን ደስተኛ፣ ታማኝ አገልጋይ አድርጎ ስሎታል። ልጁ ግን ዋና አይችልም ነበር። ዳዊት በሰጠመባት ባሕር የመርከቧ ሐኪምም ሰጥሟል። ለሐኪሙ አገሩ እንግሊዝ ውስጥ መታሰቢያ ቆመለት። ለካፒቴኑ ሐውልት። ለዳዊት ለረጅም ዘመን የቀረለት ስም የጠለፈው ሰው የጻፈለት ስም ብቻ ነበር።

ይህን ሳነብ ነው እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ የወጣሁት። «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» እንላለን። የማን ስም? ማን የጻፈው?

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ እንግሊዝን «አላባማን የሠራሻት አንቺ ነሽ፣ ለጥፋቷ ክፈዪ» ብላ ከሰሰች። ጉዳዩ ጄኔቫ ላይ በሽምግልና ታየና በ1872 እንግሊዝ 15.5 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ እንድትከፍል ተፈረደባት። ከፈለችም። በዓለም አቀፍ ሕግ ታሪክ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ሁለት መንግሥታት ጦር ሳይማዘዙ በዳኛ ተስማሙ። ጥሩ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለተቃጠለው መርከብ፣ ለጠፋው ጭነት ዋጋ ወጣለት። ዴላዌር ቁጭ ብላ ልጇን ለምትጠብቅ እናትስ?

«ቲቸር፣ እሺ፣ ለኛ ግን ይህ ሁሉ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጡ የነበራችሁት! ምናችን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በእገዳው ምክንያት የደቡብ ጥጥ ወደ አውሮፓ መሄድ ሲያቅተው የጥጥ ዋጋ ሰማይ ነካ። ማን ተጠቀመ? ግብፅ። የናይል ሸለቆ ጥጥ ለበሰ፣ ካይሮ በገንዘብ ጠገበች። በ1863 ሥልጣን የያዘው ኬዲቭ እስማኤል በዚያ ተስፋ ላይ ተደግፎ ተበደረ፣ ገነባ፣ ጦር አደራጀ። የአሜሪካ ጦርነት ሲያልቅ የጥጡ ዋጋ ወረደ፣ የኬዲቩ ምኞት ግን አልወረደም። ሥራ የፈቱ የአሜሪካ መኮንኖችን፣ ትናንት ሲታኮሱ የነበሩትን፣ ከሰሜንም ከደቡብም ቀጠረ። ከዚያስ? በ1875 ጉንደት፣ በ1876 መጋቢት ጉራዕ። በጉራዕ የግብፁ አዛዥ የራቲብ ፓሻ የጦር አማካሪ ሆኖ የተሰለፈው ዊሊያም ሎሪንግ፣ የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። አፄ ዮሐንስ ያሸነፉት ያን ጦር ነው።

አያችሁት? ከቻርለስተን ደጅ የቆመችው የእገዳ መርከብና የመረብ ማዶው ሜዳ በአንድ የጥጥ ክር ተያይዘዋል። ታሪክ ድንበር ላይ ቪዛ አይጠይቅም።

ሎሪንግ በ1884 ስለ ግብፅ አገልግሎቱ መጽሐፍ ጽፏል። ስሙ አለ። የራቲብም አለ። የንጉሡ ስም፣ የአሉላ ስም አለ፣ ይገባቸዋልም። ጉራዕ ላይ ጋሻውን ይዞ እየሮጠ ወደ መድፍ አፍ የገባው ገበሬስ? የግብፅ ፈላህ ተገዶ ከማሳው ተይዞ መጥቶ የማያውቀው ተራራ ላይ የቀረውስ? እነሱም የእኛ ሮበርት ኩኮች፣ የእኛ ዳዊቶች ናቸው። እኛ ደግሞ በዚህ ነገር ከአሜሪካኖቹም የባስን ነን፤ እነሱ ቢያንስ የመርከቡን መዝገብ ጠብቀው 150 ዓመት ቆይተውም አውጥተው አነበቡት።

ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ አንድ ጊዜ ልናገርና ልተው። አጎቴ ባሕር ኃይል ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1982 ከምጽዋ አልተመለሰም። በየትኛዋ ጀልባ ላይ እንደነበረ፣ ባሕር ይብላው የብስ፣ የነገረን የለም። መርዶ አልመጣም። አያቴ የእሱን ጋቢ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ እያወጣች ታናፍሰው ነበር። እርሟን ሳታወጣ አረፈች። ሁለቱ የሞኒተር መርከበኞች አርሊንግተን ሲቀበሩ በቪዲዮ አይቼ ያለቀስኩት ለእነሱ ብቻ አልነበረም። 150 ዓመት የዘገየ ቀብር ከነጭራሹ ከማይመጣ መርዶ ይሻላል ብዬ ነው። ምጽዋ ላይ ከማዶ ሆኖ ሲዋጋ የሞተው ልጅም እናት ነበረችው። ይህንንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አሁን ለልጄ መልሴን ላጠቃልል።

እዘን። ለስምንቱም፣ ከእነሱ በፊት እዚያው ቀፎ ውስጥ ለሞቱት 13ም እዘን። ከመጀመሪያው ሙከራ ሟቾች የአንዳንዶቹ መቃብር ተረስቶ ከላዩ የፉትቦል ስታዲየም ተሠርቶበት ነበር፤ ቆፍረው ያወጧቸው ከ130 ዓመት በኋላ ነው። እነሱን ልኮ ያስገደለው ወገን ራሱ እንዲህ ረስቷቸው ነበር። «አንረሳችሁም» የሚል ባንዲራ ሁሉ እውነቱን አይደለም፤ ባንዲራው የሚያስታውሰው የሚጠቅመውን ነው።

ከዚያ የሁሳቶኒክን አምስት ሰዎች ስም አንብብ። ከዚያ ደግሞ ቻርለስተን ውስጥ ጋድስደን ዎርፍ ወደሚባለው ወደብ ሂድ። በ2023 የተከፈተ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እዚያ አለ። የቆመበት መሬት በሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ከመርከብ የወረዱበት ነው። በመንገድ ሞተው ባሕር የተጣሉትን ስማቸውን የጻፈላቸው መዝገብ የለም። የሀንሊ ሰዎች ሲሞቱ የጠበቁት ሥርዓት እነዚህን ሰዎች ነበር የሚበላው። ሁለቱንም ካላየህ ቻርለስተንን አላየሃትም። ሀንሊን ብቻ አይቶ ያለቀሰ ሰው እንባው ውሸት ነው አልልም። ግማሽ ነው ግን።

«ሙት ወቃሽ» መሆን ይቅርብን። የሞቱበትን ነገር ግን እንወቅሳለን። ይህን ካላደረግን ለሚቀጥለው ቀፎ ሌላ ስምንት ልጆች እያዘጋጀን ነው። ሀንሊ ሦስት ጊዜ ሰው የተጫነባት የሁለቱ ጊዜ ሬሳ ስላልታየ አልነበረም። ታይቶ፣ ተቀብሮ፣ ተወድሶ፣ «ለምን?» የሚል ስለጠፋ ነው።

ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ላይክ ተዉት። በየቤታችሁ ከዘመቻ፣ ከባሕር፣ ከበረሃ ያልተመለሰ ሰው አለ። በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ወገን ይሁን። እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ ያለችዋን አክስት ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ። ሙሉ ስሙን፣ የት እንደተወለደ፣ ሥራው ምን እንደነበር (ወጥ ቤትም ቢሆን፣ በተለይ ወጥ ቤት ከሆነ) ደብተር ላይ ጻፉት። ስልክ ላይ አይደለም፣ ስልክ ይጠፋል። ደብተር ላይ።

እኔ የአጎቴን ጽፌያለሁ። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ትቻለሁ፤ ከማዶ ለነበረው፣ ስሙን ለማላውቀው።

ሰላም እደሩ።